ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

ባለፈው ዓመት ፈተና ባበቃ በሦስተኛው ቀን የክፍላችን ልጆች ገንዘብ አዋጣንና አውቶቡስ ተከራይተን ወደ ቆቃ ሽርሽር ወጣን። ድፎ ዳቦ፣ ሁለት ሣጥን ለስላሳ፣ አንድ ከበሮና አንድ ኳስ ይዘናል። ከቢሾፍቱ ጀምሮ ዘፈኑ አልቆመም። ሞጆን አልፈን ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል አውቶቡሱ በሙሉ እልል አለ። ወራቱን ሁሉ ከቤተ መጻሕፍት ወንበር ላይ ያልተነሣ ተማሪ ያን ያህል ውሃና ያን ያህል ሰማይ በአንድ ጊዜ ሲያይ ልቡ ቢፈነድቅ አይፈረድበትም።

የተጠበሰ ዓሣ በላን፤ ኳስ ተጫወትን፤ ከዚያ በኋላ ጀልባ ይምጣ ተባለ። ጀልባዋ ቢበዛ ዐሥር ሰው የምትይዝ ናት፤ እኛ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነን ገባን። ባለ ጀልባው «ግድ የለም፣ ትችላለች» አለ፤ እኛም አመንነው። በጀልባዋ ውስጥ የነበረው ላይፍ ጃኬት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ባለ ጀልባው አጥፎ እንደ ትራስ ተቀምጦበታል። ከዳር ራቅ እንዳልን አንድ ጓደኛችን፣ ስሙን እንዳልጠራው አስምሎኛል፣ ሸሚዙን አወለቀና ዘሎ ገባ። ዋና የተማረው በትምህርት ቤት ገንዳ ውስጥ ነው፤ ገንዳ ደግሞ ወለሉ ይታያል፣ ዳሩም ቅርብ ነው። ጥቂት እንደ ዋኘ እጁን እያወናጨፈ ብቅ ጥልቅ ማለት ጀመረ። እኛም የሚቀልድ መስሎን ሳቅን፤ አንዱም አጨበጨበ።

ቀልድ አለመሆኑን የተረዳነው ለሁለተኛ ጊዜ ጠልቆ ሳይወጣ ሲቆይ ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም ወደ አንድ ጎን ተጋፋን፤ ጀልባዋም አጋደለችና ውሃ መቅዳት ጀመረች። ለትንሽ ጊዜ አንድ ሰው መሞቱ ቀርቶ ሃያ ልንሞት ነበር። ያዳነን እዚያው አጠገብ መረቡን ሲስብ የነበረ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሳይጮህና ሳይቸኩል የጀልባውን ዘንግ ዘረጋለትና ልጁን እንደ ዓሣ ጎትቶ አወጣው። ከዚያም በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ አንዲት የክፍላችን ልጅ ተረጎመችልን፤ «ልጆቼ፣ እዚያ ከተማ ስትማሩ ስለ ውሃ የሚነግራችሁ ሰው የለም?» ነው ያለው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈን አልነበረም። ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ሁሉ ወደ ጨዋታ ተለወጠ። ዛሬ በካፌው ውስጥ የዚያ ልጅ አሰጣጠም እየተመሰለ ይሳቅበታል፤ እርሱም ራሱ ይስቃል። እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ መስጠሙ ሳይሆን ይህ ሳቅ ነው። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት እንዲያው ለአነጋገር ማማር አልነበረም።

እንግዲህ ሽማግሌው ለጠየቁን ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ጥቂት ሰነበትኩ። ያገኘሁትንም እንደሚከተለው ለአንባቢ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ሁላችንም የምንዘነጋው ነገር አለ፤ ቆቃ እንደ ሐዋሳ ወይም እንደ ዝዋይ ከጥንት የነበረ ሐይቅ አይደለም። የሰው ሥራ ነው። ጣሊያን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል መሠረት ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖባት ነበር። ገንዘቡ በኋላ በድርድር ቀንሶ ከተከፈለው ካሣ የቆቃ ግድብ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠራና በ1960 (በፈረንጆች) አለቀ። የኃይል ማመንጫው 43 ሺህ ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ይህ ዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያን ዘመን ግን ትልቅ ነገር ነበር። ከግድቡ በታች በ1966 አዋሽ ሁለት፣ በ1971 አዋሽ ሦስት ተከተሉ። ስለዚህ በዳሩ ላይ ቁጭ ብለን ዓሣ የምንበላበት ውሃ የአምስቱ ዓመት ወረራ ደም ካሣ ነው፤ ከሥሩም ያለው የገበሬ ማሳና የከብት ግጦሽ የነበረ መሬት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢያንስ በአክብሮት ይቀርበዋል።

ሰው የሠራው ሐይቅ ከተፈጥሮ ሐይቅ በጠባዩ ይለያል። በግድብ የታገደ ውሃ እንደ ክረምቱና እንደ መብራቱ ፍላጎት ከፍ ዝቅ ይላል። ባለፈው ዓመት በእግር የተሄደበት ዳር ዘንድሮ ከሰው ቁመት በላይ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ጉቶ አለ፤ የጥንቱ የወንዝ ቦይ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭቃ አለ። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተጠርጎ የሚወርደውን አፈር እየተሸከመ ከቆቃ ሲደርስ ያራግፈዋል። ሐይቁ ከተሞላበት ጊዜ ጀምሮ ውሃ ይይዝ ከነበረው ቦታ ቀላል የማይባል ድርሻ ይህ ደለል ወስዶታል። ከላይ የረጋ የሚመስል ውሃ ከሥሩ እግር የሚውጥ ለስላሳ ጭቃ ሲኖረው ጎበዝ ዋናተኛም አይረዳውም።

ከዚህም የከፋው ከግድቡ አጠገብና ከግድቡ በታች ያለው ስፍራ ነው። ከግድቡ በላይ፣ ውሃው ወደ ተርባይን ወይም ወደ ማስተንፈሻ በር በሚገባበት በኩል፣ ፊቱ ጸጥ ብሎ ውስጡ የሚስብ ኃይል አለ። ከግድቡ በታች ደግሞ ውሃው ከፍታ ላይ ወርዶ ሲያርፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገለበጣል፤ በዚያ ውስጥ የገባ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ እንደገና ወደ ፏፏቴው ሥር ይመለሳል፤ እንደገናም ይጠልቃል። አንድ ሜትር ከፍታ ያላት ትንሽ የመስኖ ግድብ እንኳ ይህን ታደርጋለች። አድኛለሁ ብሎ የገባውም እንደዚያው ስለሚሽከረከር በአንድ ሰው ፈንታ ሁለትና ሦስት ይሞታል። በሩ ሲከፈትም ደረቅ የነበረው የወንዝ አሸዋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጎርፍ ይሆናል። እኛም ግድቡን ከታች ሆነን ፎቶግራፍ ለመነሣት እዚያው አሸዋ ላይ ለመውረድ ስንከራከር ነበር፤ ያስቀረን ዕውቀት ሳይሆን ፀሐዩ ነው።

ስለ ጤናም ጥቂት ልናገር። ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ዳር ቢልሃርዚያን የምታስተላልፍ ቀንድ አውጣ ትራባለች፤ በአዋሽ ሸለቆም የታወቀ ነው። በሽታው በቆዳ ይገባልና ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። በዚህ ነገር የእኛ አገር ሰው ለዓለም ያበረከተው አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈው አዩ፤ ከዚያም እንዶድን የዓለም ሳይንስ እንዲያውቀው አደረጉ። ያን ጊዜ እርሳቸው የዩኒቨርሲቲ ሰው ነበሩ። እኛ ደግሞ የእርሳቸውን ስም ለጥያቄና መልስ ውድድር እንሸመድዳለን እንጂ ወደ ሐይቅ ስንሄድ ያስተማሩትን አናስታውስም። በቆቃ አካባቢ ለግድቡ ቀረብ ባሉት መንደሮች ወባ ራቅ ካሉት እንደሚበዛ በጥናት ታይቷል። በሞጆ ወንዝ በኩል የቆዳ ፋብሪካ እጣቢ ይገባበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ውሃው አረንጓዴ ቀለም የሚይዘው መርዝ ሊያወጣ በሚችል የውሃ ሽበት ነው። ዛሬ በጣና የምናለቅስበት እንቦጭም በአገራችን በመጀመሪያ የታየው በ1965 (በፈረንጆች) በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ነው። ጉማሬውንና አዞውን ሳልጨምር ነው ይህን የምለው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ከዶርሚተሪ አንውጣ?» ቢለኝ መልሴ አይደለም ነው። እኔ ራሴ እንደገና እሄዳለሁ። ወፍ ለሚወድ ሰው ከቆቃ ዳር የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ዓሣ ማጥመድ፣ በእግር መጓዝ፣ ድንኳን ተክሎ ማደር፣ ጉማሬን ከሩቅ ሆኖ ማየት ለአእምሮ ዕረፍት ነው። ከመጠጥ ቤት ከሚያልፍ ቅዳሜ በሐይቅ ዳር የሚያልፈው ይበልጣል። የምለው ስንሄድ ዐይናችንን ከፍተን እንሂድ ነው።

እስከ አሁን ስለ ራሳችን ተናገርኩ። አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የግድብ ሐይቅ ሁለት ዳር አለው፤ አንደኛው ከላይ ሲሆን እኛ የምንጨፍርበት ነው፤ ሁለተኛው ከታች ሲሆን ሰው የሚተኛበት ነው። ስለ ሁለተኛው ዳር ያስተማረኝ የታሪክ ንባብ ነው።

የውጫሌ ውል በተፈረመ አንድ ወር ሳይሞላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 31 ቀን 1889፣ በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ አገር ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ተደረመሰ። ግድቡ መጀመሪያ የተሠራው ለጀልባ ቦይ ውሃ ለመስጠት ነበር። ባቡር መጥቶ ቦዩ ጥቅም ሲያጣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ ከባለቤቶቹም አንዱ ከግድቡ ሥር ውሃ ማስተንፈሻ የነበሩትን የብረት ቧንቧዎች ነቅሎ ሸጣቸው። በ1879 የፒትስበርግ ሀብታሞች ገዙትና የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ አቋቋሙበት። እነ አንድሩ ካርኔጊና እነ ሄንሪ ፍሪክ አባል ነበሩ። የበጋ ቤት ሠሩ፤ ጀልባ አንሳፈፉ። ሁለት ሠረገላ ጎን ለጎን እንዲያልፍ ብለው የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት። በገንዘብ የገዙት ዓሣ እንዳያመልጥ ትርፍ ውሃ በሚወጣበት በር ላይ የብረት መከላከያ ተከሉበት። የተነቀሉትን ቧንቧዎች ግን አልመለሷቸውም።

ከዚያ በታች 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሐይቁም ወደ 140 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጆንስታውን የምትባል የብረት ሠራተኞች ከተማ ነበረች። የብረት ፋብሪካው ኃላፊ ዳንኤል ሞሬል በ1880 መሐንዲስ ልኮ ግድቡን አስመረመረ። መሐንዲሱም ውሃ ማስተንፈሻ አለመኖሩንና ግድቡ ማፍሰሱን ገለጸ። ሞሬል ለጥገናው ገንዘብ እንረዳለን ብሎ ጻፈ፤ ክለቡ ግን ምንም አደጋ የለም ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ «ግድቡ ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ ይነሣል፤ አይፈርስም፤ ሕዝቡም መሳቅ ለመደ። በመጨረሻው ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ። ግንድና ቅጠል በዓሣው መከላከያ ላይ ተከማችቶ መውጫውን ዘጋ። ውሃው ዝቅ በተደረገው አናት ላይ ፈሰሰ፤ አፈሩንም ቦረቦረው። የቴሌግራም ማስጠንቀቂያ ተልኮ ነበር፤ የሰማው ሰው ግን ጥቂት ነው። ግድቡ በፈረሰ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ውሃው ከጆንስታውን ደረሰ። ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰው በላይ አለቀ፤ 99 ቤተ ሰብ አንድም ሰው ሳይቀር ጠፋ። የክለቡ አባላት በፍርድ ቤት አልተጠየቁም፤ ነገሩ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ተባለ። ካርኔጊ በኋላ ለከተማዋ የፈረሰውን ቤተ መጻሕፍት አሠራላት። ለዚያ ሁሉ ሬሳ ቤተ መጻሕፍት!

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ቢኖር ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ልበል። ኖቬምበር 6 ቀን 1977፣ ማለት በእኛ በጥቅምት 1970 ዓ.ም.፣ በጆርጂያ ክፍለ አገር በቶኮዋ፣ ተማሪዎችና መምህራን ከነቤተ ሰባቸው በተኙበት ሌሊት፣ ከኮሌጃቸው በላይ የነበረው የኬሊ ባርንዝ ግድብ ፈረሰ። 39 ሰው ሞተ። ግድቡ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከ1957 ጀምሮ መብራት ማመንጨቱን ትቶ ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ የሚያገለግል ነበር። መርማሪዎች አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት ለመስጠት አልቻሉም፤ ነገር ግን የግድቡ ጀርባ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ከዓመታት በፊትም ከፊሉ ተንዶ እንደ ነበር፣ ውስጥ ለውስጥም የሚሄድ ፍሳሽ ሳይረዳው እንዳልቀረ ገለጹ። ፕሬዚደንት ካርተር በመላ አገሪቱ አደገኛ ግድቦች እንዲመረመሩ ያዘዙት ከዚህ በኋላ ነው። እኛ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምንለው ይህን ነው። በ2023 ደግሞ በሊቢያ በደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ፈርሰው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መወሰዱን ሁላችንም በስልካችን አይተናል።

ሦስቱንም ጉዳዮች የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ። በሦስቱም ቦታ ጉድለቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር ወይም ለማወቅ ይቻል ነበር። የጎደለው የማሰብ ግዴታ ነው። በተለይ ለመዝናኛ የተተወ ግድብ ጠባቂ ያጣል፤ ምክንያቱም መብራት የሚሰጥ ግድብ ቢበላሽ ከተማ ይጨልማልና ሰው ይጮኻል፤ የመዝናኛ ሐይቅ ግን እስኪፈርስ ድረስ ያምራል።

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ እለምናለሁ። ቆቃ ሊፈርስ ነው ማለቴ አይደለም። ቆቃ የኮንክሪት ግድብ ነው፤ የኮንክሪት ግድብ ደግሞ እንደ አፈር ግድብ ውሃ ስላለፈበት ብቻ አይቦረቦርም። የቆቃ ነገር ሌላ ነው። ደለል ቦታውን በወሰደ መጠን ሐይቁ የክረምቱን ጎርፍ የሚያቆይበት ሆድ ይጠብበታል፤ ሆዱ ሲጠብ ደግሞ በር መክፈት ግድ ይሆናል። ከበሩ በታች ወንጂ አለ፤ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር አገዳ የሚቆርጥ ሠራተኛ የሚኖርበት ነው። ከዚያም ወዲያ መተሐራ፣ ከዚያም የአፋር አርብቶ አደር አለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ከዚህም ሌላ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አገሩን ለቆ ሲወጣ፣ በዚያው አካባቢ ያለው የከሰም ግድብ ምን ይሆን የሚል ሥጋት የሁሉም ጭንቀት ነበር። ግድቡ ቆመ፤ ተመስገን። ነገር ግን «ተመስገን» የአደጋ መከላከያ ዕቅድ አይደለም።

ለመሆኑ ይህ የእኛ ጉዳይ ነው ወይ? ሦስት ዓይነት ተቃውሞ እንደሚቀርብብኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው «አንተ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ነህ፤ ግድብን ለመሐንዲሶች ተውላቸው» የሚል ነው። በጆንስታውን መሐንዲሱ ሥራውን ሠርቷል። ያልሠራው የመሐንዲሱን ወረቀት ያነበበው ክለብና በወሬው የሳቀው ከተሜ ነው። ግድብ መሥራት የመሐንዲስ ነው፤ «ከታች ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን የማንኛውም ሰው ነው። እንዲያውም ታሪክና ሕግ የሚማር ሰው ይህን ካልጠየቀ የሚማረው ለምንድር ነው?

ሁለተኛው «ማኅበሩ ስንት የከበደ ጉዳይ እያለበት ስለ ዋናና ስለ ጀልባ ይነጋገር?» የሚል ነው። የዳቦውን ነገር አልንቅም፤ እኔም እበላዋለሁ። ነገር ግን ሽርሽሩን የሚያስተዋውቀው በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ገንዘቡም የሚሰበሰበው በተማሪ እጅ ነው። አንድ ተማሪ ሞቶ ቢመለስ ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፈው ማን ነው? ያን ደብዳቤ መጻፍ ከዛሬው ስብሰባ ይከብዳል።

ሦስተኛው «ቀን ከደረሰ አይቀርም» የሚል ነው። ለዚህ ብዙ መልስ የለኝም። ዐሥር ሰው በሚይዝ ጀልባ ዐሥራ ዘጠኝ ሆኖ ገብቶ ቀኑን የሚያማርር ሰው ቀኑን እየሰደበው ነው እላለሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

አንደኛ፤ ማኅበራችን በስሙ ወይም በሰሌዳው በሚደረግ ሽርሽር ላይ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ላይፍ ጃኬት በሌለበት ጀልባ ማንም እንዳይገባ ይወስን። ባለ ጀልባው ይህን ለማሟላት ካልቻለ ከዳር ሆነን እንይ። ብዙዎች ሆነን ስንጠይቅ ባለ ጀልባዎቹም መግዛታቸው አይቀርም፤ ገበያ የሚሰማው የደንበኛን ድምፅ ነውና።

ሁለተኛ፤ የምህንድስናና የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከእኛ ጋር ሆነው አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዘጋጁ። ከግድብ በታችና በበሩ አጠገብ አለመግባትን፣ መጠጥ ጠጥቶ አለመዋኘትን፣ የሚሰጥም ሰው ሲታይ ዘሎ ከመግባት ገመድና ዘንግ መዘርጋትን፣ አረንጓዴ ከሆነ ውሃ መራቅን፣ በውሃው ውስጥ የቆየ ሰው ስለ ቢልሃርዚያ መመርመርን ይናገር። ማባዣው በእጃችን ነው፤ ወረቀቱንም ይህ መጽሔት ይችለዋል። ጽሑፉ በአማርኛና በኦሮምኛ ቢሆን ለሐይቁ ዳር ልጆችም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ ማኅበሩ ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች በትሕትና፣ ነገር ግን በግልጽ፣ እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ሰው እንዲዝናናበት በሚጋበዝበት ግድብ ሁሉ የአደጋ ምልክት ይተከል፤ በር ከመከፈቱ በፊት የሚጮህ ደወል ይኑር፤ ግድቡ አደጋ ቢያገኘው ከታች ያሉ መንደሮች በየት በኩል ወደ ከፍታ እንደሚወጡ ይነገራቸው፤ የምርመራውም ውጤት ሰው ሊያነበው ይቻል። በአገራችን የግድብ ሐይቅ ቁጥር እየጨመረ ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የንጋት ሐይቅ ሲሞላ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ነገ በዚያም ጀልባና ድንኳን እንደሚኖር ማንም አይጠራጠርም። ኩራታችን ትልቅ በሆነ መጠን ጥንቃቄያችንም ትልቅ ይሁን። ግድብን መውደድና ግድብን መጠየቅ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ እናት ልጇን የምትቆጣው ስለማትወደው አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ያን ቀን ጓደኛችንን ካወጣው በኋላ ገንዘብ አዋጥተን ልንሰጠው ስንል እጁን አወናጭፎ እምቢ አለ። ከዓሣው ግን ግዙኝ አለ፤ ገዛነው። ይህ ሰው ቤቱ ከሐይቁ ዳር ነው፤ ሐይቁ ቢሞላ እርሱ ይፈናቀላል፤ ቢቀንስ እርሱ ይራባል፤ ቢበከል እርሱ ይታመማል። እኛ በዓመት አንድ ቀን መጥተን ጨፍረን እንሄዳለን። እርሱ ግን የሚኖርበትን ውሃ እያወቀው ይኖራል፤ እኛ የምንጫወትበትን ውሃ ሳናውቀው ልንሞትበት ነበር።

«ስለ ውሃ የሚነግራችሁ ሰው የለም?» ብለው የጠየቁን ሽማግሌ ዛሬ ቢጠይቁን ምን እንመልስላቸዋለን? የሚቀጥለው ሽርሽር ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ ከመለጠፉ በፊት ማኅበሩ መልሱን ቢያዘጋጅ መልካም ነው። እኔ በበኩሌ ማስታወሻውን ለመጻፍና ለማባዛት ፈቃደኛ ነኝ፤ ስሜንም ከዛሬ ጀምሮ በጸሐፊው ክፍል አስመዘግባለሁ። ሌሎችም ቢከተሉኝ ደስ ይለኛል። ጓደኛችንም ቢመጣ ቦታ አለው፤ ስለ ውሃ ከእኛ ሁሉ የበለጠ የሚያውቅ እርሱ ነው።